የእኔ ያልሆነው አሥራ አራት

ከተመታሁ ሃያ ቀን ሆኖኝ ነበር። ራስ ምታቱ ከለቀቀኝ ሳምንት አልፎታል። ብርሃን አይወጋኝም፣ እንቅልፌ ተመልሷል፣ ዓይኔን ጨፍኜ በአንድ እግሬ ቆሜ እስከ ሠላሳ እቆጥራለሁ። ቅዳሜ ጨዋታ አለን፤ ተጫዋች የሚመርጥ ሰው ከአንድ ትልቅ ክለብ ይመጣል ተብሏል። ለመሰለፍ የጎደለኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ካዛንቺስ ካለው ክሊኒክ "ወደ ሜዳ ይመለስ" የሚል ወረቀት።

በረኛ ነኝ። ቂርቆስ ውስጥ ላለ የወጣቶች ቡድን ነው የምጫወተው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝም፤ ከዚያ ወዲህ ያለኝ ነገር ሜዳው ነው። በረኝነትን የመረጥኩት ጎበዝ ስለነበርኩ አይመስለኝም። ዘጠና ደቂቃ ብቻህን ቆመህ፣ ኳሷ ወዲያ ማዶ ስትሆን የፈለግከውን ብታስብ ማንም የማይቆጣህ ቦታ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ትምህርት ቤት እያለሁ በመስኮት ታያለህ ተብዬ ስንት ጊዜ ተንበርክኬአለሁ። ካርዶቼ ላይ በየዓመቱ የምትጻፍ አንዲት ነገር አለች፦ "ናኦድ አይጥርም።" አንዱ መምህር ብቻ ትንሽ አዝኖ "ቢጥር ጥሩ ነበር" ብሎልኛል። እናቴ ካርዶቹን በሙሉ በፌስታል ጠቅልላ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጣቸዋለች፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

አመታቱ እንዲህ ነው። ኮርነር ተመታ፤ ወጥቼ ኳሷን ያዝኳት። ይዣት ነበር፣ እዚህ ላይ ማንም አይከራከረኝም። የአጥቂው ጉልበት ጆሮ ግንዴን አገኘው። ከዚያ በኋላ ያለውን የነገረኝ ዓብዱልሀኪም ነው፤ የመሀል ተከላካያችን ነው፣ ጓደኛ አለህ ወይ ብባል ስም የምጠራው የእሱን ነው።

"ተነሣህ፣ ጓንትህን አስተካከልክ፣ ከዚያ ፊትህን ወደ መረቡ አዙረህ ቆምክ" አለኝ። "ጀርባህን ለእኛ ሰጥተህ! መረቡ ኳስ ይመታብኛል ብለህ ነው መሰለኝ። መጀመሪያ ሳቅን። በኋላ ኮች 'አውጡት' ሲል ነው ሳቁ የጠፋው።"

እኔ አንዱንም አላስታውስም።

ሰኞ ዕለት ከላንቻ ተነሥቼ በእግሬ ካዛንቺስ ሄድኩ። የምትፈትነን የሥነ ልቦና ባለሙያዋ እጸገነት ናት። እኛ ዶክተር እንላታለን፤ እሷ "ገና ነኝ፣ እጸገነት በሉኝ፣ አንቱም ተዉኝ" ትላለች፤ ግን ማን ይደፍራል። ውድድሩ ሳይጀመር ቡድኑን በሙሉ ፈትና የእያንዳንዳችንን ውጤት አስቀምጣለች። "አንድ ሰው ሲመታ ከሌላ ሰው ጋር አላወዳድረውም፤ ከራሱ ጋር ነው የማወዳድረው" ብላን ነበር ያኔ።

ፈተናው ብዙ ክፍል አለው፤ ዋናው የቃላቱ ነው። አሥራ አምስት ቃል ከፍም ዝቅም በማይል ድምፅ ታነባለች። ከዚያ ሌላ ሌላ ነገር ታሠራሃለች፤ ቁጥር ወደ ኋላ፣ ቅርጽ መሳል። ሃያ ደቂቃ ሲሞላ "እስቲ ያነበብኩልህን ቃላት ንገረኝ" ትላለች።

በሙሉ ልቤ ሠራሁ። መስኮቱ በቀኜ ነበር፤ አዲሱን ሰፊ መንገድና የፈረሱትን ቤቶች ቦታ ያሳያል፤ አንድ ጊዜ እንኳ አላየሁትም።

"ስምንት" አለች። ፋይሉን ገለጥ አደረገች። እንደገና ወረቀቴን አየች። "ናኦድ፣ በመጀመሪያው ፈተና አሥራ አራት ነበርክ።"

አሥራ አራቱ የእኔ አልነበሩማ።

የመጀመሪያውን ፈተና የወሰድነው ወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ውስጥ ነው። ረጃጅም አግዳሚ ወንበር፣ ክርን ለክርን፣ በአንዱ ላይ ስምንት ሆነን። ያኔ ቃላቱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ነበር የመለስናቸው። በቀኜ፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ፣ ዓብዱልሀኪም ነበር። እኛ ትምህርት ቤት ወረቀቱን በክንዱ የሚሸፍን ተማሪ ስስታም ይባላል፤ ዓብዱልሀኪም ደግሞ ሸፍኖ አያውቅም። ታክሲ ውስጥ ለሚገባ ሰው ጠጋ እንደሚባለው ወረቀቱን ጠጋ አደረገልኝ፤ እኔም ገባሁ። ከእኔ ቀጥሎ ያለው ከእኔ፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ከእሱ፣ እንዲህ እያለ እስከ ወንበሩ ሌላኛው ጫፍ ሄደ። ማጭበርበር ነው ብሎ ያሰበ አልነበረም። ፈተና ነው፣ ፈተና ይታለፋል፣ በቃ። ያን ቀን እኔ ራሴ ስንት ቃል አውቅ እንደነበር አላውቅም፤ ጭንቅላቴን አልጠየቅኩትም።

ለእጸገነት ይህን አልነገርኳትም። "ደክሞኝ ይሆናል" ብዬ ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ሜዳ ስደርስ አሰልጣኛችን ጎይቶም ውጤቱን በስልክ ሰምቶታል። ወደ ጎን ወሰደኝ፤ ግን ድምፁ ወደ ጎን መሄድ አያውቅም።

"ስምንት? ሰውየው በአንድ እግሩ ቆሞ ይጨፍራል፣ ቃል ሲሉት ስምንት? ናኦድ፣ እውነቱን ንገረኝ። ፈርተሃል?"

"አልፈራሁም ኮች።"

"የተመታ በረኛ ይፈራል። ነውር የለውም። ፈራሁ በለኝ እንጂ ፈተና ላይ አትተኛብኝ።"

ተቀያሪው በረኛ ኢያቄም ታኬታውን እያሰረ ነበር። "ተዉት ኮች" አለ፣ "እሱ አሁን የሚጫወተው ከመረቡ ጋር ነው።"

ሁሉም ሳቁ። ዓብዱልሀኪምም ትንሽ ሳቀ።

ማክሰኞ እጸገነት ራሷ ደወለችልኝ። ስሄድ ፊቷ እንደወትሮው ነበር። "አሰልጣኝህ ሆን ብለህ ነው ይላል" አለችኝ፤ ሳትደብቅ። "እኔ ሰው በመገመት አልሠራም። ሌላ ፈተና እሰጥሃለሁ።"

ይህ ፈተና እንዴት እንደሚሠራ እዚህ አልጽፍም፤ ለማንም አልናገርም ብዬ ቃል ገብቻለሁ፤ አስቀድሞ ለሚያውቀው ሰው ፋይዳ የለውም። ይህን ያህል ግን ልበል፦ ሲያዩት ያስፈራል፣ ሲሠሩት ቀላል ነው። ጭንቅላቱን የተመታም ሰው ያልፈዋል። እዚያ ላይ ክፉኛ የሚወድቅ፣ አልጋ የያዘ በሽተኛ ካልሆነ በቀር፣ ለመውደቅ አስቦ የመጣ ሰው ነው። ይህን የነገረችኝ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

"ከሃምሳ ሃምሳ" አለች።

"ምን ማለት ነው?"

"ጥረሃል ማለት ነው። የቻልከውን ሁሉ አድርገሃል።"

"ይጻፍልኛል?"

"ምኑ?"

"ጥሯል የሚለው።"

ሳቀች። እኔ እንዳልሳቅሁ ስታይ ተወችውና ወረቀት ሳበች። "ተፈታኙ ሙሉ ጥረት አድርጓል" ብላ ጻፈች፤ ፈረመች፤ ማኅተምም መታችበት። ማኅተሙ እስኪደርቅ እፍ አልኩበት።

"አሁን ግን ቁጭ በል" አለች። "ጥረትህ እውነት ከሆነ፣ የጎደሉት ስድስት ቃላት በስንፍና አይደለም የጎደሉት። ሃያ ቀን አልፎም ይህን ያህል ከቀረህ የነርቭ ሐኪም ማየት አለብህ። ቅዳሜ የለም። እውነቱን ልንገርህና፣ ዘንድሮ ራሱ ላይኖር ይችላል።"

ወረቀቱን አጥፌ ደረጃውን ወረድኩ። ሰው አምኖኝ በወረቀት ሲጽፍልኝ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው፤ ያመነችኝ ደግሞ የውሸት ቁጥር ይዛ ነው።

ቤት ስገባ እናቴ ሜክሲኮ አደባባይ ካለው መሥሪያ ቤቷ ተመልሳ ጫማዋን ገና እያወለቀች ነበር። ወረቀቱን ሰጠኋት። መዝገብ ቤት ስለምትሠራ ወረቀት ስታነብ መጀመሪያ ማኅተሙን ነው የምታየው። ሁለት ጊዜ አነበበችው። "ሙሉ ጥረት" አለች ቀስ ብላ። ቁም ሣጥኑን ከፍታ ከካርዶቹ ጋር፣ ከላይ አደረገችው። ከዚያ ስለ ስድስቱ ቃላት ነገርኳት።

"የት ሄዱ?" አለች።

"እኔ እንጃ።"

"የአክስትህ የአምሳለ ትልቋ ልጅ ማን ትባላለች?"

"ሩሐማ። እማዬ፣ አሁን ደግሞ አንቺ አትፈትኚኝ።"

"ስልክ ቁጥሬስ?"

ነገርኳት። አላመነችም። እራት እስኪቀርብ ድረስ እየመጣች አንድ አንድ ጥያቄ ትጠይቀኛለች፤ ስመልስላት አንገቷን ነቅንቃ ትሄዳለች። በመጨረሻ "ዓርብ ከመሥሪያ ቤት አስፈቅጄ ጠበል እወስድሃለሁ" አለች። ድምፅዋ ሲሰበር ሰማሁ። የእኔ ስድስት ቃላት መቼም ኖረው እንዳላወቁ እንዴት ብዬ ልንገራት?

ረቡዕ ዓብዱልሀኪም ጋ ሄድኩ። እናቱ ፋጤ ቂርቆስ ውስጥ አትክልት ይሸጣሉ፤ ልምምድ በሌለ ቀን እሱ ነው የሚያግዛቸው። ቃሪያ እየለየ አገኘሁት፤ የለሰለሰውን ወደ አንድ ሣጥን፣ ጠንካራውን ወደ ሌላ።

"ለእጸገነት ልነግራት ነው" አልኩት።

"ምኑን?"

"አሥራ አራቱን።"

እጁ ቆመ። "ከቅዳሜ በኋላ ንገራት።"

"የምፈልገው እኮ ለቅዳሜ ነው። ድሮም ስምንት ነኝ ካልኳት ትለቀኛለች።"

"አንተ ስትወጣ እኔን ይዘኸኝ ነው የምትወጣው" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ያስኮረጀ ተብዬ፣ ሰውየው በሚመጣበት ቀን ከሰልፍ ብወጣስ? እኔም እኮ ቅዳሜ አለችኝ፣ ናኦድ።"

"ስምህን አልጠራም።"

"ወላሂ በል።"

"እኔ ወላሂ እላለሁ እንዴ?"

"በማርያም በል እንግዲያ።"

"በማርያም።"

"ምንድን ነው የምትማማሉት እናንተ?" አሉ እናቱ ከሚዛኑ ጀርባ።

"የኳስ ነው እማ።"

"ለኳስ ማርያምን ይጠራል እንዴ?" አሉና ለእኔ አንድ እፍኝ ቃሪያ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ለእናትህ ስጥ ብለው።

ሐሙስ ጠዋት ለእጸገነት ነገርኳት። "የመጀመሪያው ውጤት የእኔ አይደለም፤ ኮርጄ ነው" አልኩ። ከማን እንደሆነ አልነገርኳትም። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም። ከዚያ ተነሥታ የቡድኑን ፋይል በሙሉ አወጣች፤ የእኔን ወረቀት ፈልጋ አንዱ ቃል ላይ ጣቷን አስቀመጠች።

"ይቺን ታያታለህ? ቃሪያ። እኔ ያነበብኩት ውስጥ ቃሪያ የለም።"

ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ የእኔው ጽሑፍ ነው።

"ለብቻው ሲታይ ምንም አይደለም፤ ሰው ያልተባለ ቃል ይጨምራል። ስለዚህ አለፍኩት።" ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያወጣች ጠረጴዛው ላይ መደርደር ጀመረች። ቃሪያ። ቃሪያ። ቃሪያ። ስምንተኛው ላይ ስትደርስ ቆመች። "አንድ ወንበር ሙሉ ሰው በአንድ ቀን ቃሪያ አማረው?"

አላሳቀኝም፤ ምያለሁ። "ስም አልጠራም" አልኩ።

"አትጥራ፣ አያስፈልገኝም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ክርን ለክርን አስቀምጬ ጭንቅላታችሁን ለየብቻ ለካሁ ብዬ ጻፍኩ።" ወረቀቶቹን ሰበሰበች። "ሰባቱን ነገ አንድ በአንድ እፈትናቸዋለሁ። ከዚያ ቅዳሜ ይጫወታሉ።"

"እኔስ?"

"አንተ አትጫወትም።"

"ለምን? ነገርኩዎት እኮ! ምንም አልጎደለብኝም። ድሮም ስምንት ነኝ።"

"ማን ነገረህ?"

"እ?"

"ድሮም ስምንት እንደነበርክ ማን ነገረህ?"

የመጡልኝ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያሉት ካርዶች ብቻ ነበሩ።

"እኔም አላውቅም፣ አንተም አታውቅም" አለች። "መነሻ የለህም። ስለዚህ የቀረን መጠበቅ ነው። በየሳምንቱ በአዲስ ቃላት እፈትንሃለሁ። ከስምንት ካልተንቀሳቀስክ፣ እሺ፣ ስምንት ያንተ ነው። ከጨመርክ ግን ዛሬ ገና አልዳንክም ማለት ነው፤ ባልዳነ ጭንቅላት ላይ ሌላ ጉልበት ቢያርፍበት ደግሞ የሚመጣውን አልነግርህም።"

ለመጫወት ብዬ ነበር የተናገርኩት። እውነቱን ለመናገር፣ እንደማያስጫውተኝ ባውቅ ኖሮ እናገር ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ እኔ እንጃ። ለእናቴ ግን በስልክ "ስድስቱ ቃላት ተገኙ፤ ሳይኖሩ ነው የጠፉት" አልኳት። አልገባትም፤ ገብቷት ሲያልቅ ደግሞ መኮረጄን ተቆጣች፤ ቁጣዋ ከጥያቄዋ ይሻል ነበር። ጠበሉን ግን አልሰረዘችውም። ዓርብ ጠዋት ሄድን።

ከሰዓት በኋላ ሰባቱ ሲፈተኑ እኔም እዚያ ነበርኩ፤ ኮች ሂድ ብሎኝ። ደረጃው ላይ ተደርድረው ያዩኛል። "ጆሮ ጠቢ" አለኝ አንዱ፣ ሌላው ደግሞ "ዝም በሉ፣ አሁን ብታስሉ እንኳ ይመዘግባል" አለ። ዓብዱልሀኪም ከክፍሉ ሲወጣ አላየኝም፤ ወይም ያላየኝ መሰለ። ወደ ቂርቆስ ስንመለስ ግን ታክሲው ውስጥ የቀረው ከጎኔ ያለው ቦታ ብቻ ነበር።

"ስሜን ጠራህ" አለ መስኮቱን እያየ።

"አልጠራሁም።"

"ታዲያ እንዴት አወቀች?"

"ቃሪያው።"

"የምን ቃሪያ?"

ነገርኩት። ያልተነበበ ቃል ከእሱ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ወንበሩ ጫፍ እንዴት እንደተጓዘ። መጀመሪያ አፉን ያዘ፤ ከዚያ ሳቁ አመለጠው፤ ረዳቱ ዞሮ እስኪያየን ሳቀ።

"ምን ሆነሃል?"

"ዛሬም" አለ እንባውን እየጠረገ፣ "ዛሬም ቃሪያ ብያለሁ! ብቻዬን! ሳላስበው ከአፌ ወጣ፣ ወላሂ። ለካ ለዚህ ነው ሴትየዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ያየችኝ።"

ቅዳሜ ከጎሉ ጀርባ ካለው አጥር ሥር ተቀመጥኩ። ኢያቄም በእኔ ቦታ ቆመ። ተጫዋች የሚመርጠው ሰውዬ መጥቷል፤ ጥቁር መነጽር አድርጎ ማስታወሻ ይይዛል። በሁለተኛው አጋማሽ ኮርነር ተመታብን፤ እኔ በልቤ ወጣሁ። ኳሷን ግን ያየኋት ኢያቄም እጅ ውስጥ ከገባች በኋላ ነው። እግር ሲመታት አይቻለሁ፣ እጅ ውስጥ አይቻታለሁ፤ መሀሉ የለም። ፀሐዩ ነው አልኩ። ቀና ብዬ ሳይ ደመና ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ሲያልቅ መነጽር ያደረገው ሰው የኢያቄምን ስልክ ቁጥር ሲቀበል አየሁ፤ የዓብዱልሀኪምንም ጠየቀው። እኔ ጓንቴን እንኳ አላመጣሁም ነበር።

በሳምንቱ ሐሙስ እጸገነት አዲስ አሥራ አምስት ቃላት አነበበችልኝ። ሃያው ደቂቃ ሲሞላ መናገር ጀመርኩ። ስምንተኛው ላይ አቆማለሁ ብዬ ነበር፤ ዘጠነኛው መጣ። ከዚያ አንድ፣ ከዚያ አንድ። በዚያ ሳምንት ምን የተለየ ነገር እንዳደረግኩ አላውቅም፤ ምንም አላደረግኩም።

"አሥራ አንድ" አለች።

ኮርነሩን ነገርኳት፤ መሀሉ የጠፋውን። ጻፈችው።

"ታዲያ ስምንቱ ምን ነበር?" አልኳት።

"የአጥቂው ጉልበት ነበር። አንተ አልነበርክም።"

የሚቀጥለውም ሳምንት አሥራ አንድ ሆነ፤ በሌላ ቃላት። የሌሎቹም ክፍሎች ውጤት ባለበት ቆመ፤ ከዚያ በኋላ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ፋይሉ ላይ የድሮዋን አሥራ አራት በአንድ መስመር ሰርዛ "መነሻ፦ አሥራ አንድ" ብላ ጻፈች። ከዓብዱልሀኪም ሦስት ያንሳል። "ወደ ሜዳ ይመለስ" የሚለውን ወረቀት ይዤ በደረጃው ስወርድ ሁለት ጊዜ ቆሜ አየሁት።

ሜዳ ስደርስ ኮች ጎይቶም ወረቀቱን አንብቦ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ፈርተሃል ያለኝን ነገር ያስታውሳል ብዬ ጠበቅኩ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። "ከሃምሳ ሃምሳ ያመጣኸውን ነገር ነግራኛለች" አለ። "እንግዲህ… ኢያቄም ለሙከራ ሄዷል። ጓንትህን አድርግና ግባ።"

ገባሁ። ሁለቱን ብረቶች በእጄ ነካሁ፤ ልማዴ ነው። ዓብዱልሀኪም ከመሀል ሜዳ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ፦

"ናኦዴ! መረቡ ከኋላህ ነው፣ ከኋላህ!"

ቡድኑ በሙሉ ሳቀ። ጀርባዬን ለመረቡ ሰጥቼ ኳሷን ጠበቅኩ፤ ከእግሩ ስትነሣ አየኋት፣ መሀል ላይ አየኋት፣ እጄ ውስጥ ስትገባም አየኋት።